ጎማን ያጸናው ሰው፤ የቻርልስ ጉድይር ሕይወትና የመኪና በር ጎማ ማጣበቂያ

የላስታ ምድር ጎማን አጥብቆ የሚፈትን አገር ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በበጋ ቀን ፀሐዩ የመኪናን ላሜራ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ያግለዋል፤ ሌሊት ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ብርድ ያንኑ ላሜራ ያቀዘቅዘዋል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዘመን የጠጠር መንገድ ስለ ነበረ፣ በዚያ የተመላለሰ አሮጌ መኪና ሁሉ አቧራውን በበሩ ክፍተት እየሳበ ያስገባ ነበር። ክረምት ሲገባ በአቧራው ፈንታ ውሃው ይተካል። በበሩና በመኪናው አካል መካከል ሆኖ ይህን ሁሉ የሚከላከለው ውፍረቱ አንድ ጣት የማይሞላ ጥቁር የጎማ ጥብጣብ ነው፤ ጥብጣቡንም በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ በቦታው የሚያቆየው አንድ ስስ የማጣበቂያ ሽፋን ነው።

ጎማው በተላቀቀ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። ባለመኪናው ወደ ቅርቡ ጋራዥ ይሄዳል፤ በጋራዡም የጎሚስታው ወይም የጫማ ሰፊው ማስቲሽ ይነሣና ይቀባል፤ ጥብጣቡ ለጊዜው ይያዛል። በመጀመሪያው የበጋ ቀትር ግን ማጣበቂያው እንደ ማር ይለዝባል፤ ጎማውም በራሱ ክብደት ወርዶ በበሩ ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ተራ የእጅ ሥራ ጉድለት ይመስላል። ሥሩ ሲመረመር ግን አንድ ሰው ዕድሜውን፣ ጤናውንና የልጆቹን እንጀራ የከፈለበት ያው የጥንት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውም በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድ የማይሰነጠቅ ጎማ እንዴት ይገኛል የሚል ነበር። ሰውየው ቻርልስ ጉድይር ይባላል። ስሙ በጎማ ጎን ላይ ተጽፎ በዓለም መንገድ ሁሉ ሲሽከረከር ይኖራል፤ የሕይወቱ ታሪክ ግን በስሙ ልክ የታወቀ አይደለም። በሙያችን ዘንድ ሊታወቅ የሚገባው ስለ ዝናው ብቻ ሳይሆን፣ በጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የምንወስነውን ነገር ስለሚያስረዳ ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ጉድይር ታኅሣሥ 29 ቀን 1800 በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ ተወለደ። አባቱ አማሳ ጉድይር የእርሻ መሣሪያና የብረታ ብረት ዕቃ የሚሠራና የሚነግድ ብልህ ሰው ነበር። ልጁም በወጣትነቱ ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ የብረታ ብረት ንግድን ተማረ፤ ዕድሜው 21 ሲሞላ ተመልሶ የአባቱ የሥራ ሸሪክ ሆነ። በ1824 ክላሪሳ ቢቸር የምትባል ወጣት አገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባልና ሚስቱ በፊላደልፊያ የብረታ ብረት መደብር ከፈቱ። ንግዱ ለጥቂት ጊዜ ለማ፤ ነገር ግን በዱቤ የተሰጠው ዕቃ ዋጋ ሳይመለስ ቀረ፤ ጉድይርም በሆድ ሕመም ታመመ፤ በ1830 አካባቢ ድርጅቱ ወደቀ። በዚያ ዘመን ሕግ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ይታሰር ስለ ነበረ፣ ጉድይር ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ የዕዳ እስር ቤትን ደጅ ደጋግሞ የረገጠ ሰው ሆነ።

ጎማ በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። የላስታ ገበሬ ቁልቋል ሲቆረጥ የሚፈሰውን ነጭ ወተት ያውቃል፤ በእጅ ላይ ይጣበቃል፣ ዓይንን ከነካም ይጎዳል። በአማዞን ደን የሚበቅለው የጎማ ዛፍም እንዲሁ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ወተቱ ሲረጋና ሲደርቅ የሚለጠጥና ውሃ የማያስገባ ነገር ይሆናል። የአገሩ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ ይገለገሉበት ነበር። በአውሮፓ ግን ለረጅም ጊዜ ከእርሳስ ጽሕፈት መደምሰሻነት ያለፈ ጥቅም አልተገኘለትም። በ1823 የስኮትላንዱ ቻርልስ ማኪንቶሽ ጥሬ ጎማን ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በሚገኝ ናፍታ አሟሙቶ፣ ፈሳሹን በሁለት ጨርቆች መካከል ቀብቶ የዝናብ ልብስ ሠራ። ይህ ሥራ ለማጣበቂያ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው፤ ምክንያቱም ማኪንቶሽ የሠራው በእውነቱ የጎማ ሙጫ ነበር። ናፍታው ሲተን ጎማው ይቀርና ጨርቁን ከጨርቅ ጋር ያጣብቃል። ጉድለቱም በዚያው የተገለጠ ነበር፤ ልብሱ በበጋ ይልሞሰሞሳል፣ በክረምት እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል።

በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን በጎማ ፋብሪካ ላይ አፈሰሱ። በ1834 ጉድይር በኒው ዮርክ ሲያልፍ የአንድ ታዋቂ የጎማ ኩባንያ መደብር ውስጥ ገብቶ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ የሕይወት ማዳኛ ዕቃ አየ። የአየር መዝጊያው ድክመት ስለ ታየው የተሻለ መዝጊያ ሠርቶ ተመለሰ። ሻጩ ግን ችግሩ ከመዝጊያው እንዳልሆነ ገለጠለት፤ የተሸጠው ጎማ በበጋ ሙቀት እየቀለጠና እየገማ ከየአገሩ ይመለስ ነበር፤ ኩባንያውም ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ጉድይር የኬሚስትሪ ትምህርት አልነበረውም፤ ገንዘብም አልነበረውም። ቢሆንም የተፈጠረበት ሥራ ይህ እንደ ሆነ አድርጎ አመነ። ወደ ፊላደልፊያ እንደ ተመለሰ በዕዳ ታሰረ፤ የመጀመሪያ ሙከራውንም በእስር ቤት ውስጥ በሚስቱ የሊጥ ማዳመጫ ጥሬ ጎማ እየዳመጠ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት ተስፋና ውድቀት የተፈራረቁባቸው ናቸው። በመጀመሪያ ጎማውን ከማግኔዥያ ጋር አደባለቀ፤ ነጭና ንጹሕ ነገር ስላገኘ የተሳካለት መሰለው፤ በጋው ሲመጣ ግን የሠራቸው ጫማዎች ቀለጡ። ቀጥሎ ጎማውን በኖራ ውሃ አፈላው፤ ገጹ ደርቆ አማረ፤ ዳሩ ግን አንዲት የኮምጣጤ ጠብታ ያንን ደረቅ ገጽ መልሳ ታጣብቀው ነበር። በኋላም በናይትሪክ አሲድ ማከም ጀመረ፤ በ1837ም ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ተቀበለ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲሠራ በትነቱ ታፍኖ ለሞት ተቃርቦ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተነሣው የገንዘብ ቀውስ ደጋፊዎቹን አከሰራቸው፤ ጉድይርና ቤተሰቡ በስታተን ደሴት በተተወ የጎማ ፋብሪካ ውስጥ እየኖሩ ዓሣ እያጠመዱ በላ ልበልሃ በሌለበት ዝምታ ኖሩ።

በሥራው ታሪክ ውስጥ ለባለሙያ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የፖስታ ከረጢቶቹ ነገር ነው። መንግሥት 150 ያህል ከረጢቶች እንዲሠራለት አዘዘው። ጉድይር በአሲድ የታከመውን ጎማ አምኖ ከረጢቶቹን ሠርቶ በአንድ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሰቅሎ ሄደ። ሲመለስ ከረጢቶቹ በራሳቸው ክብደት ተስበው፣ ቀልጠውና ተበላሽተው አገኛቸው። አሲዱ የለወጠው የጎማውን ገጽ ብቻ ነበር፤ ውስጡ እንደ ቀድሞው ጥሬ ነበር። በላስታ ፀሐይ ሥር ከበሩ ተላቆ የሚንጠለጠለው ጎማ የሚነግረን ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን የያዘ ሁሉ ጸና ማለት አይደለም፤ ላዩ ደረቀ ማለትም ውስጡ ጸና ማለት አይደለም።

በማሳቹሴትስ ናትናኤል ሄይዋርድ የሚባል ሰው ጎማ ላይ ድኝ እየነሰነሰ ፀሐይ ላይ በማስጣት ገጹን ያደርቅ ነበር። ጉድይር ከእርሱ ጋር ተዋውሎ መብቱን በ1839 ገዛ። በዚያው ዓመት በዎበርን ከተማ ከድኝ ጋር የተደባለቀ ጎማ ከጋለ ምድጃ ጋር ተነካካ። ጥሬ ጎማ በምድጃ ላይ ቢወድቅ መቅለጥ ነበረበት፤ ይህ ግን እንደ ቆዳ ከሰለ እንጂ አልቀለጠም፤ በከሰለው ጠርዝ ዙሪያም የሚለጠጥና የማያጣብቅ ጸጥ ያለ ጎማ ተገኘ። ጉድይር ቁራጩን በዚያ ብርቱ ክረምት ሌሊት ከቤቱ ውጭ በምስማር ቸነከረው፤ በነጋ ጊዜ እንደ ተለመደው ደርቆ ሳይሰበር ተለጥጦ አገኘው። ነገሩን ሰዎች በአጋጣሚ የተገኘ ይሉታል። ነገር ግን ያ ቁራጭ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ እንደ ተበላሸ ዕቃ ወደ ቆሻሻ ይጣል ነበር፤ ጉድይር አምስት ዓመት ሙሉ መልሱን ሲፈልግ ስለ ኖረ ባየው ጊዜ ዐወቀው።

የምሥጢሩ ፍች ከብዙ ዓመታት በኋላ በኬሚስቶች ተገለጠ። ጥሬ ጎማ እንደ ተዘበራረቀ ረጅም ክር ነው፤ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ስላልታሠሩ ሲሞቁ ይንሸራተታሉ። ድኝና ሙቀት በአንድነት ሲደርሱበት በክሮቹ መካከል እንደ ድልድይ ያለ ማሠሪያ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ጎማው ቢሳብ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል፣ ቢሞቅ አይቀልጥም። ይህ ሥራ በሮማውያን የእሳት አምላክ ስም ቩልካናይዜሽን ተባለ።

ከግኝቱ እስከ ትክክለኛው ዘዴ ድረስ ግን ሌላ አምስት ዓመት ወሰደ። የድኙ መጠን፣ የሙቀቱ ልክ፣ የጊዜው ርዝመት አልታወቀም ነበር። ጉድይር ጎማውን በሚስቱ ምጣድ ይጋግር፣ በማሰሮ እንፋሎት ይቀቅል፣ በጎረቤት ምድጃ ሥር ይቀብር ነበር፤ በመጨረሻም በ130 ሴንቲግሬድ አካባቢ በእንፋሎት ግፊት ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት የተሻለ መሆኑን ደረሰበት። በእነዚህ ዓመታት የቤቱን ዕቃ ሸጠ፤ የልጆቹን የትምህርት መጻሕፍት ሳይቀር ሸጠ። ከ12 ልጆቹ 6ቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ቤተሰቡን ከረሃብ ያወጣቸው በተለይ የዘመዱ የዊልያም ደ ፎረስት ብድር ነበር። እዚህ ላይ ታሪኩን የሚጽፍ ሁሉ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። የጉድይር ጽናት የተመሰገነ ነው፤ ዋጋውን ግን የከፈለው እርሱ ብቻ አልነበረም። ክላሪሳ በባዶ ቤት ሕፃናትን እየቀበረች ከጎኑ ባትቆም ኖሮ፣ የጎማው ነገር በእርሱ እጅ ባልተፈጸመ ነበር።

ጉድይር የአሜሪካን የፈጠራ መብት ሰኔ 15 ቀን 1844 ተቀበለ። ነገር ግን የጎማው ናሙናዎች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ነበር። በዚያ የጎማ ሥራ ሊቅ የነበረው ቶማስ ሃንኮክ ናሙናውን መርምሮ፣ በራሱም ሙከራ ደክሞ፣ በ1843 መጨረሻ የእንግሊዝን መብት ለማግኘት ከጉድይር ቀድሞ አመለከተ። ነገሩ በኋላ በፍርድ ቤት ቢታይም ለሃንኮክ ተፈረደ። በአሜሪካም መብቱን የሚዳፈሩ ብዙዎች ነበሩ። በ1852 በኒው ጀርሲ በትሬንተን በተደረገው ታላቅ ክርክር ለጉድይር ወገን የተከራከረው በዚያ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ዳንኤል ዌብስተር ነው፤ ዋጋውም 15,000 ዶላር ነበር። ጉድይር ረታ። ሆኖም ጠበቃው በዚያ አንድ ክርክር ያገኘው ገንዘብ ፈልሳፊው ከብዙ ዓመት ድካሙ በእጁ ካስቀረው ይበልጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጉድይር ለፋብሪካዎች የሰጠው ፈቃድ እጅግ ርካሽ ነበርና።

ያገኘውንም ገንዘብ አላስቀመጠም። በ1851 በለንደን፣ በ1855 በፓሪስ በተደረጉት የዓለም ኤግዚቢሽኖች ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከወንበር እስከ ጌጣ ጌጥ በጎማ የተሠሩ አዳራሾችን አሳየ፤ በዚህም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አፈሰሰ። ክላሪሳ በ1853 በእንግሊዝ አገር ሞተች፤ በሚቀጥለው ዓመት ፋኒ ዋርዴልን አገባ። በፓሪስ የፈረንሳይ መብቱ በሕግ ነጥብ ተሻረበት፤ ገቢው ተቋረጠ፤ በ1855 መጨረሻ በዕዳ ታሰረ። የሚያስደንቀው በዚያው ወቅት የፈረንሳይ መንግሥት የክብር ሌጌዎን መስቀል ሸለመው፤ ሽልማቱም በእስር ቤት ሳለ ደረሰው። ሰኔ 1860 ሴት ልጁ በጠና መታመሟን ሰምቶ ወደ ኒው ሄቨን ሲጓዝ ኒው ዮርክ ላይ ደከመ፤ መሞቷንም በዚያ ተረዳ። ሐምሌ 1 ቀን 1860 በ59 ዓመቱ ዐረፈ። የተወው ዕዳ 200,000 ዶላር ያህል ነበር። በኦሃዮ አክሮን በ1898 የተመሠረተው በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ ከእርሱም ከቤተሰቡም ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስሙን የወሰደው ለመታሰቢያ ነው።

የሥራው ፍሬ ግን ከእርሱ በኋላ ዓለምን ሞላ። በ1888 ደንሎፕ በአየር የተሞላ ጎማ ለብስክሌት አወጣ፤ ቀጥሎም አውቶሞቢል መጣ። የጎማ ፍላጎት ሲበዛ በኮንጎና በአማዞን ደን በጎማ ለቃሚዎች ላይ የደረሰው ግፍ የዚሁ ታሪክ ጥቁር ገጽ ሆኖ ይኖራል። በ1900 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የተሽከረከሩት ጉድይር ባጸናው ጎማ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ቮልስዋገን፣ ፊያትና ላንድሮቨር ወደ አገራችን ሲገቡ የበርና የመስኮት ጎማቸውንም ይዘው ገቡ። ዛሬ እነዚህ አሮጌ መኪናዎች በፍቅር በሚጠበቁበት ስፍራ ሁሉ የሚያስቸግረው ነገር ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ይህ ጥብጣብ ነው።

የጉድይር ሕይወት ለማጣበቂያ ምርጫ የሚሰጠው ትምህርት እዚህ ላይ ይገለጣል። በድኝ የጸና ጎማ በቤንዚን ወይም በናፍታ አይሟሟም፤ ያብጣል እንጂ። ጥሬ ጎማ ግን ይሟሟል። ስለዚህ የውስጥ ጎማ ለመለጠፍ በጎሚስታ ዘንድ የሚገኘው ተራው የጎማ ሙጫ በመሠረቱ የማኪንቶሽ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ያልጸና ጥሬ ጎማ ነው። እንግዲህ በበሩ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፤ ጥብጣቡ ከጉድይር በኋላ የተሠራ፣ ማጣበቂያው ግን ከጉድይር በፊት የነበረው ዓይነት ይሆናል። በቀትር ጥብጣቡ ጸንቶ ሳለ ማጣበቂያው ይቀልጣል። ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ ቀቢውም ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ የተመረጠው ነገር ለተፈለገበት ስፍራ አልተሠራም።

ለዚህ የተሻለው መልስ ከኒዮፕሪን የሚሠራው ማጣበቂያ ነው። ኒዮፕሪን በ1930 በአሜሪካ በዋላስ ካሮዘርስ የምርምር ክፍል የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ሙቀትን የሚቋቋም ሙጫ ተጨምሮበት በማጣበቂያነት ሲዘጋጅ ከተራው የጎማ ሙጫ ይልቅ የጋለ ላሜራን ይችላል። አሠራሩም የታወቀ ነው። በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ጣት ሲነካው እስከማይከተል ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተገጥሞ ይጫናል። በገበያ ላይ ማስቲሽ የሚባለው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ከቆርቆሮው ላይ ምን እንደ ሆነና ስንት ሙቀት እንደሚችል ማንበብ ያስፈልጋል። ቶሎ የሚደርቀው ጠብታ ሙጫ የጥብጣብን ሁለት ጫፎች ለማጋጠም ይረዳል፤ በበሩ ዙሪያ ግን ሲደርቅ እንደ መስተዋት ስለሚጠነክር፣ በር በተዘጋ ቁጥር ከሚደርሰው ንቅናቄ የተነሣ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠው ሲሊኮን ደግሞ ባልተቀባ ብረት ላይ ዝገት ያመጣል፤ ከዚያም በላይ ከቦታው ሙሉ በሙሉ ካልተጠረገ በላዩ ሌላ ማጣበቂያም ቀለምም አይዝም።

የጥብጣቡንም ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1960ዎቹ ወዲህ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ በመኪና በሮች ላይ እየበዛ መጥቷል፤ ፀሐይንና ኦዞንን የሚቋቋም ስለሆነ ለደጋ አገር የተመረጠ ነው። ይሁን እንጂ ገጹ ማጣበቂያን በቀላሉ አይቀበልም፤ ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ወይም መነሻ ቅብ ይፈልጋል። አዲስ ጥብጣብ ሁሉ ከፋብሪካው ዱቄት ወይም ቅባት ይዞ ስለሚመጣ፣ የሚጣበቀው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ተፍቆ በአልኮል መጠረግ አለበት። በላሜራውም ላይ አሮጌው ሙጫና ዝገቱ ሳይነሣ የሚቀባ አዲስ ማጣበቂያ የሚይዘው አሮጌውን ቆሻሻ እንጂ መኪናውን አይደለም። ማሟሟያው ቀለሙን እንዳይጨማድደው አስቀድሞ በተሸሸገ ስፍራ መሞከር ይገባል። ጥብጣቡ ሲገጠም ተለጥጦ መጣበቅ የለበትም፤ የተለጠጠ ጎማ ሁልጊዜ ወደ ልኩ ለመመለስ ስለሚጎትት፣ በተለይ በማዕዘኖቹ ላይ ይላቀቃል።

የላስታ ከፍታ በዚህ ላይ የራሱን ሕግ ይጨምራል። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በማጣበቂያው ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፈጥኖ ይተናል፤ ክፍት የተተወ ቆርቆሮ ቶሎ ይወፍራል፤ በጣሳው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ዳኛው ሰዓቱ ሳይሆን ጣት ነው። በክረምት ደግሞ የሚተነው ማሟሟያ ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው እርጥበት በላዩ እንደ ጤዛ ይቋጥራል፤ በዚያ ላይ የተገጠመ ጎማ የተጣበቀው በውሃ ላይ ነው። ጥሩው ጊዜ ላሜራው ከጤዛ ደርቆ ሳይግል የሚገኝበት ረፋዱ ነው። ትነቱ የሚቃጠልና ሳንባንም አእምሮንም የሚጎዳ ስለሆነ፣ ሥራው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ መሠራት ይኖርበታል። ጉድይር በተዘጋ ክፍል የከፈለውን ዋጋ ዛሬ ደግሞ መክፈል አያስፈልግም።

ላሊበላ ራስዋ በዚህ ነገር ላይ ከባድ ትምህርት የተሰጠባት ስፍራ ናት። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ በተደረገ ጥገና፣ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ ድንጋዩ በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀባ። ሽፋኑ ለዓይን የጸና መሰለ፤ ነገር ግን እርጥበትን በድንጋዩ ውስጥ አፍኖ ያዘ። ከ1966 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሐውልቶች ፈንድና በኢትዮጵያ መንግሥት ትብብር፣ በጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የተደረገው ሥራ አንዱ ክፍል ያንኑ ሽፋን መግፈፍ ነበር። ስምንት መቶ ዓመት ያህል የቆመ ድንጋይና የአንድ አሮጌ መኪና በር በክብር አይወዳደሩም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። የሚለጠፈው ነገር ከሚለጠፍበት ነገር ጠባይ ጋር ካልተስማማ፣ ይጠብቀዋል የተባለውን ይጎዳል።

ጉድይር በመጨረሻ ያሸነፈው በዕውቀት ብዛት አይደለም፤ የሠራውን ነገር በእውነተኛው ጠላቱ ፊት ስላቆመው ነው። ከረጢቶቹን ሳይፈትን አመነ፣ ተዋረደ። ያቺን የጎማ ቁራጭ ግን ከማመኑ በፊት ለእሳት ሰጣት፣ ሌሊቱንም ለውርጭ ሰጣት፤ በማለዳ የጠየቃት እርስዋን ነው። ይህ ፈተና ዛሬም በማንኛውም ጋራዥ ያለ አንዳች ወጪ ሊደረግ ይችላል። የጥብጣቡ ቁራጭ በታሰበው ማጣበቂያ በአንድ ውዳቂ ላሜራ ላይ ይለጠፍ፤ በቀን ለፀሐይ፣ በሌሊት ለብርድ ለአንድ ሳምንት ይሰጥ፤ ከዚያም በእጅ ይሳብ። የያዘው ወደ በሩ ይሂድ። የላስታ ቀትርና የአቡነ ዮሴፍ ሌሊት ሐሰተኛ ምስክር አይሆኑም።